ጨንቻ ላይ የሚወርደው ስኖው አይደለም

የጨንቻ መንገድ ዳር ነጭ ለብሶ የሚታይበት ፎቶ ብቅ ባለ ቁጥር «ጋሞ ላይ ስኖው ጣለ» የሚል ወሬ አብሮት ይዞራል። ሚኒሶታ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ሳይቀር ተቀብሎ ያጋራዋል። እሱ እንኳ ሊያውቅ ይገባ ነበር፤ ስኖው ሲጥል ድምፅ የለውም፣ የጨንቻው ግን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም። እንደ ውበት የሚደነቀው ነገር የእንሰት ቅጠል የሚተለትል፣ የአፕል አበባ የሚያራግፍ በረዶ ነው። (ሁለቱንም በረዶ ማለት ስለለመድን፣ እዚህ ጠጣሩን በረዶ፣ ለስላሳውን ስኖው እላለሁ።)

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ደግሞ ወደ 4,700 ሜትር ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ከከተማዋ ጣሪያዎች በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከዜሮ የሞቀ አየር አለ።

ዋናው ነገር ያለው ከዚያ በላይ፣ ደመናው ውስጥ ነው። እዚያ ውሃ ከዜሮ በታች ወርዶም ወዲያው አይረጋም፤ ንጹሕ ጠብታ የሚረጋበት ነገር ካላገኘ እስከ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አንድ የአፈር ብናኝ ሲያገኝ ግን ይረጋል። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ካሉት ጠብታዎች የሚተነው እንፋሎት ወደዚያች የረጋች ቅንጣት ይሄዳል፤ ጠብታዎቹ ሲመነምኑ እሷ ባለ ስድስት ጎን ሆና ታድጋለች። ስዊድናዊው ቶር በርጌሮን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዝናብ በዚህ መንገድ እንደሚፈጠር አስረድቷል። እሷ ስኖው ናት! እናም በበልግ ነጎድጓድ ጊዜ ከጨንቻ በላይ ስኖው በእርግጥ ይጥላል። ነገር ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትወርድ ሞቃቱ አየር ውስጥ እንደገባች ጥቂት መቶ ሜትር ሳትሄድ ቀልጣ ዝናብ ትሆናለች።

በረዶው የሚያመልጠው በክብደቱ ነው። ገብስ በላይዳ ለነፋስ ሲሰጥ ፍሬው እግር ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ይንሳፈፋል። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ተከትሎ ሽቅብ ሲመዘዝ የረጋውን ቅንጣት አየር ላይ ይይዘዋል፤ ያልረጉት ጠብታዎችም እየተላተሙበት ይረጋሉ። ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆነው በሰከንድ አሥር ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ቀልጦ ሳያልቅ መሬት ይደርሳል። አንዱን ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩት። ነጩ ቀለበት ጠብታው በቅጽበት ረግቶ አየር ያፈነበት ነው፤ ጥርት ያለው ደግሞ ውሃው በዝቶ ቀስ ብሎ ሲረጋ አየሩ የወጣበት።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። የሐሩር አገር ዝናብ ሁሉ ከረጋ ቅንጣት አይጀምርም፤ ጠብታዎች እርስ በርስ ተጋጭተው ብቻም ይዘንባል፣ የሁለቱ ድርሻ ዛሬም ያከራክራል። ከፍ ባለው የጉጌ ተራራ ላይ ስኖው ፈጽሞ አይጥልም ማለትም አልደፍርም፤ ራስ ዳሸን ላይ አልፎ አልፎ ይጥላልና። «የአየር ንብረት ለውጥ በረዶውን አበዛው» የሚለውም በአንድ ፎቶ አይረጋገጥም። በረዶ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚወርድ በሜትዮሮሎጂ ጣቢያዎች መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የዝናብ መለኪያው ውስጥ ቢገባም ቀልጦ እንደ ዝናብ ይቆጠራል። ፎቶ የምታነሱ ሰዎች ከጠጠሩ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ ቀበሌውንና ሰዓቱን ጻፉ፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሜትዮሮሎጂ የሚያጠኑ ልጆች የሚፈልጉት ይህን ነው።