የደንገል ታንኳ ወይስ የፋይበር ጀልባ?
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



አንድ ሰው ፈረስ ሊገዛ ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ ኮቴውን አንሥቶ ጤንነቱን፣ አስረግጦ አረማመዱን ሳይመረምር ገንዘቡን አይቈጥርም። በተለይም የአዊ ሰው በፈረስ ዕውቀቱ የታወቀ ስለ ኾነ ይህን ለርሱ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል። ነገር ግን የሚገዛው ዕቃ ለአገሩ አዲስ የኾነ እንደ ኾነ አስተዋዩም ሰው ይቸገራል፤ ሻጩ የሚነግረውን ብቻ ሰምቶ ለመክፈል ይገደዳል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በመስታወት ጭረትና በሙጫ የሚሠራውን አዲሱን ጀልባ፣ ከአባቶቻችን ከወረስነው ከደንገል ታንኳ ጋራ አስተያይተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምናልባት ከአድማጮቻችን አንዳንዶቹ «ጫግኒ ሐይቅ የላትም፤ የጀልባ ነገር ለጫግኒ ሰው ምን ያደርግለታል?» ይሉ ይኾናል። መልሱ ይህ ነው። ጫግኒ በሁለት ውሃዎች መካከል ያለች ከተማ ናት። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጥንታዊው የጣና ሐይቅ አለ። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከኢንጅባራ ተነሥቶ በጫግኒ አልፎ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ ያገኛል። ይህ ውሃ በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. መሞላት ጀምሮ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በሞላ ጊዜ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ይኾናል። ሰው ሠራሽ ሐይቅ በተፈጠረበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዓሣ የማስገር ሥራ ይከተላል፤ ሥራው ባለበት ደግሞ ጀልባ የሚፈልግ ወጣት አይታጣም።

ወጣቱ ጀልባ ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ አበዳሪው ዋስ ያመጣ ዘንድ ያዝዘዋል። ዋስ የሚኾነውም አብዛኛውን ጊዜ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው የመንግሥት ሠራተኛ የኾነ ወንድሙ ወይም አጎቱ ነው። ስለዚህ ጀልባው በኹለት ዓመት ቢሰበር፣ ውሃውን ከቶ አይቶት የማያውቀው ጸሓፊ ወይም መምህር ከደመወዙ ይቈረጥበታል። ከዚህም የከፋው ጀልባው በውሃ መካከል ቢሰምጥ ነው፤ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለምና። እንግዲህ የሚፈርም ሰው ሳይፈርም አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባውን ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያ የታንኳውን ጠባይ እንመልከት። የደንገል አገዳ ከላዩ ጠንካራ ቅርፊት፣ ከውስጡ ነጭና ልል ኾኖ አየር የተሞላ ሥጋ አለው። አየሩ ነው የሚያንሳፍፈው። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ይህን አገዳ አጭደውና አጠውልገው፣ በነዶ በነዶ አስረው፣ በአንድ ወይም በኹለት ቀን ታንኳ ያወጡታል። አንዱ አገዳ በጣት ይሰበራል፤ በብዛት ታስሮ ግን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ተሸክሞ ይሻገራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ በተቈረጠው ጫፍና በተጐዳው ቅርፊት በኩል እየገባ አየሩን ያስወጣዋል። ስለዚህ ታንኳው በየቀኑ ከውሃ ወጥቶ በፀሓይ መድረቅ አለበት፤ እንዲህ ተደርጎለትም ቢኾን ከጥቂት ወራት በኋላ ከብዶና በስብሶ በሌላ ይለወጣል።

ታንኳ ደካማ ነው ተብሎ እንዳይናቅ ግን አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት አስቦ፣ ደንገሉን ከኛው ከጣና ሐይቅ አስጭኖ ወሰደ። የመጀመሪያይቱ መርከብ «ራ» በግብፅ አገር በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች ተሠርታ፣ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣች። ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ግን የኋላዋ ክፍል ወደ ውሃ እየጠለቀ፣ የጐኗም ነዶ ከማሰሪያው እየተፈታ ስለ ሄደ ሰዎቹ ትተዋት ለመውጣት ተገደዱ። በማግሥቱ ዓመት ከቦሊቪያ አገር ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች «ራ ኹለተኛ»ን በሌላ አስተሳሰር ሠሩ። እርሷም ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን አትላንቲክን አቋርጣ ባርቤዶስ ደረሰች። የኹለቱም ደንገል የኢትዮጵያ ደንገል ነበር፤ የተለየው የሠሪው እጅና አስተሳሰሩ ነው። ከዚህም የምንማረው ዕቃው ብቻውን መልካም ወይም ክፉ እንደማይባልና ሠሪውን አብሮ መመርመር እንደሚገባ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አዲሱ ጀልባ እንመለስ። ፋይበር ግላስ የሚባለው እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተሳበ መስታወት ነው። ይህ ጭረት እንደ ሸማ ተሠርቶ ወይም ተነጥፎ፣ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ይነከራል፤ ሙጫው ከማጠንከሪያው ጋራ ሲገናኝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከሙጫውም ዐይነቶች ኹለቱን እንመልከት። አንደኛው ፖሊስተር ይባላል፤ ዋጋው ይቀላል፣ ለመሥራትም ያፋጥናል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይኰማተራል፣ ለብዙ ዘመንም በውሃ ላይ ሲቈይ ርጥበት ወደ ውስጡ ሰርጎ ሊያሳብጠው ይችላል። ኹለተኛው ኤፖክሲ ይባላል፤ ይህኛው በይበልጥ ይጣበቃል፣ ርጥበትንም በይበልጥ ይከላከላል፣ ግጭትንም ይችላል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ቀለም ካልተቀባም የፀሓይ ጨረር ያበላሸዋል። የሙጫውና የማጠንከሪያው መጠን ፋብሪካው ባዘዘው ልክ መኾን አለበት፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያውን የጨመረ ሰው ሥራውን ያበላሻል። ያልደረቀው ኤፖክሲ የሠራተኛውን ቆዳ ስለሚያስቈጣ ጓንት አድርጎ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሥራት የግድ ነው።

እነዚህን ኹለት ሙጫዎች ካመዛዘኗቸው ሰዎች መካከል በባሕር ማዕበል ላይ በሳንቃ ቆመው የሚንሸራተቱት ስፖርተኞች ይገኙበታል። የነርሱም ሥራ ከአገዳ ታንኳ ሩቅ አይደለም፤ በፔሩ አገር በዋንቻኮ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች ቶቶራ ከሚባል የውሃ ዳር አገዳ በተሠራች ጠባብ ታንኳ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተቀምጠው ማዕበሉን እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ስሟም በቋንቋቸው «ትንሿ የቶቶራ ፈረስ» ማለት ነው። የዛሬዎቹ ስፖርተኞች ሳንቃ በቀድሞ ዘመን ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ ኋላም ውስጡ አረፋ ከመሰለ ቀላል ነገር፣ ላዩ ከፋይበርና ከፖሊስተር መሠራት ጀመረ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ለሚሠራው ሳንቃ አብዛኛውን የውስጥ አካል ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም የተባለው ፋብሪካ ኅዳር 26 ቀን 1998 ዓ.ም. በድንገት ተዘጋ። ያን ጊዜ በርሱ ላይ ብቻ ይተማመኑ የነበሩ ሠሪዎች ኹሉ ዕቃ ፍለጋ ተሯሯጡ፤ ብዙዎቹም ወደ ኤፖክሲ ዞሩ። በባለጠጋ አገር እንኳ እንዲህ ከኾነ፣ ሙጫውንና ጨርቁን ከባሕር ማዶ የምናስመጣው እኛ «ይህ ቢያልቅብኝ ከየት አገኛለሁ?» ብለን አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባናል።

በኹለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ግን የዕድሜ ርዝመት አይደለም፤ የአጐዳድ ነገር ነው። ታንኳ የሚሞተው ቀስ በቀስ ነው፤ በየዕለቱ እየከበደ፣ ማሰሪያው እየላላ፣ ባለቤቱን እያስጠነቀቀ ይሄዳል። ቢቀደድም ነዶው በሙሉ አየር ስላለው ወዲያው አይሰምጥም። የፋይበር ጀልባ ግን ዓመታትን በደኅና አገልግሎ በአንድ ቀን ሊጐዳ ይችላል። መስታወቱም ሙጫውም ከውሃ ይከብዳሉ፤ ጀልባው የሚንሳፈፈው ውሃ ስላልገባበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከውስጡ የታሸገ የአየር ክፍል ወይም አረፋ ያልተደረገለት ጀልባ፣ ድንጋይ ወይም በውሃ የተዋጠ የዛፍ ጉቶ ቢበሳው ከነሰዎቹ ይወርዳል።

ይህን ካወቅን የውሃውን ጠባይ እናመዛዝን። ጣና ሰፊ ቢኾንም የሚበልጠው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ደንገሉም ሠሪውም በዳርቻው አሉ። ማለዳ ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ወጥቶ የከሰዓት በኋላው ነፋስ ሳይነሣ የሚመለስ፣ ከዳር ብዙ የማይርቅ አንድ አስጋሪ በታንኳ ቢሠራ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሕዳሴው ውሃ ግን በግድቡ አጠገብ ከ100 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የግድብ ውሃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል እንደ ጣና ያለ የደንገል ጨፌ በዳርቻው በቀላሉ አይመሠረትም። በየጥቂት ወሩ ታንኳ ከጣና በጫግኒ በኩል በመኪና እያስጫኑ ማመላለስም ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ በማኅበር ኾነው በዚያ ሰፊ ውሃ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የፋይበር ጀልባ ይሻላል እንላለን፤ ነገር ግን ከዚህ ቀጥለን የምንዘረዝራቸው ነገሮች ከተሟሉ ብቻ ነው።

አንደኛ፤ ገዢው ጀልባውን በዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ውሃ አስሞልቶ ይይ። ተሞልቶም ካልሰመጠ የአየር ክፍሉ እውነተኛ ነው።

ኹለተኛ፤ ጐኑን በሳንቲም እያንኳኳ ዙሪያውን ይሂድ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከቈየ በኋላ በአንድ ስፍራ ቢደነዝዝ፣ እዚያ ድርቡ ከድርቡ ተለያይቶ ሊኾን ይችላል። ሙጫ ያልጠጣ ነጭ ጭረት ቢታይ ወይም ላዩ በእጅ ሲዳሰስ የሚያጣብቅ ቢኾን አይግዛ።

ሦስተኛ፤ የተሠራበት ሙጫ ፖሊስተር ይኹን ወይም ኤፖክሲ በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ ለጥገና ያስፈልጋል፤ ኤፖክሲ በፖሊስተር ላይ መልካም ኾኖ ሲይዝ፣ ፖሊስተር ግን በኤፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝምና።

አራተኛ፤ ጥቂት ሙጫ፣ ማጠንከሪያና የፋይበር ጨርቅ ከጀልባው ጋራ አብሮ ይግዛ፤ ከማኅበሩም አንድ ሰው ጥገና ይማር። የተሰነጠቀው ቦታ በሚገባ ሳይደርቅ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው።

አምስተኛ፤ ጀልባው ታንኳም ይኹን ፋይበር፣ ለያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ሳይገዛ ብድሩ አይፈረም።

ስለ ዋጋውም ሒሳቡ ቀላል ነው። ታንኳው በየ6 ወሩ ይለወጣል ብንል፣ በ10 ዓመት ውስጥ 20 ታንኳ መግዛት ይኾናል። የ20ውን ዋጋ በአንድ ወገን፣ የአንዱን ጀልባ ዋጋ ከሞተሩ፣ ከነዳጁ፣ ከጥገናውና ከብድሩ ወለድ ጋራ በሌላው ወገን ጽፎ ማስተያየት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ክፍያ ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው በኹለቱም በኩል ይሳሳታል፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

በመጨረሻም ከሒሳብ መዝገብ የማይገባ አንድ ነገር አለ። በጣና ላይ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1986 ጀምሮ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች በገቡ ጊዜ ምርቱ አደገ። ነገር ግን በመራቢያው ወራት በወንዞች አፍ ላይ መረብ ስለ ተዘረጋ ባርቦስ የሚባለው ዓሣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት እጅግ እያነሰ ሄደ። ታንኳ አቅሙ ትንሽ ስለ ኾነ የሚወስደውም ትንሽ ነበር። ብርቱ ጀልባ የያዘ ሰው ግን ራሱን በደንብ ካልወሰነ፣ ዕዳውን ሳይከፍል ዓሣው ሊያልቅበት ይችላል። የዋሱም ደመወዝ የሚድነው ጀልባው ባለመስበሩ ብቻ ሳይኾን በውሃው ውስጥ ዓሣ በመኖሩ ጭምር ነው።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮች፤ ጀልባ ሊገዛ ለመጣባችሁ ዘመድ «ስንት ዓመት ይቈያል?» ከማለት በፊት «በተጐዳ ጊዜ እንዴት ይኾናል? የሚጠግነውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አጥርቶ ከነገራችሁ ፈርሙለት፤ ካልነገራችሁም መልሱን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ብዕራችሁን በኪሳችሁ አቈዩት።