ዝርዝር ከየት ይገኛል? ከአሞሌ ጨው እስከ ቴሌብር

በደብረ ታቦር ገበያ ጎመን፣ እንቁላል ወይም ከጉና ተራራ ሥር የመጣ ድንች ሲገዛ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጄ፣ ዝርዝር የለህም?» የሚል ነው። ገዥው ባለ 200 ብር ኖት ሲዘረጋ ሻጯ መቀነቷን ፈትታ ብትቆጥር መልሱ አይሞላላትም። ስለዚህ ከጎረቤት ሻጭ ትዘረዝራለች፤ ካልተገኘም ገዥው ሳይገዛ ይሄዳል። በከተማው ሱቅ ደግሞ ለጎደለችው ብር ማስቲካ ወይም ከረሜላ ተሰጥቶ ሂሳቡ ይዘጋል። ገንዘብ በተንቀሳቃሽ ስልክ በሚላክበት በዚህ ዘመን ሰው ለጥቃቅን ግዥ ጥሬ ገንዘብ መያዙን ስለምን አልተወም? መልሱ ከልማድ ይልቅ ከገንዘብ ባሕርይ የሚመነጭ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

ጠገራ ብርና አሞሌ

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ምእተ ዓመት በቤጌምድር ገበያዎች፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘውን ታዋቂውን የይፋግ ገበያ ጨምሮ፣ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። አንደኛው «ጠገራ» እየተባለ የሚጠራው፣ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን ከክብደቱ 83 በመቶ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነበር። በቅሎ ወይም በሬ ለመግዛት ምቹ ቢሆንም ለአንድ እፍኝ በርበሬ ግን እጅግ ትልቅ ነበር። ቆርሶ መስጠትም አይቻልም፤ የሚታመነው ምስሉና ክብደቱ ሳይጎድል ሲቀር ነውና።

ይህን ክፍተት የሞላው አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በመሆኑም አንድ ጠገራ የሚመነዘርበት የአሞሌ ብዛት እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያይ ነበር። ሆኖም አሞሌ የራሱ የኬሚስትሪ ጠላት ነበረው። የጨው ዋና ክፍል የሆነው ሶዲየም ክሎራይድ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ውኃ ከአየር ስቦ መሟሟት ይጀምራል። ማግኒዥየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጨው ደግሞ ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ይረጥባል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በደብረ ታቦር ክረምት አሞሌ ያከማቸ ሰው ሀብቱ ቃል በቃል ሊሟሟበት ይችል ነበር ማለት ነው። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌም ዋጋው ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰር ነበር።

1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው የአፄ ምኒልክ ብሮች በፓሪስ ሲታተሙ፣ ከእነርሱ ጋር አላድ፣ ግርሽና ቤሳን የመሳሰሉ ክፍልፋዮችም ታስበው ነበር። ይሁንና አሞሌ ከገበያ ወዲያው አልጠፋም፤ እስከ 20ኛው ምእተ ዓመት ድረስ ዘልቋል። ምክንያቱም ለትንሽ ግዥ የሚሆን ገንዘብ አራት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል፤ በቀላሉ መከፋፈል፣ ሳይበላሽ መቆየት፣ በሁሉም ዘንድ መታወቅ፣ በመጨረሻም ግብይቱን እዚያው በቦታው መፈጸም። አሞሌ በሁለተኛው ቢደክምም በቀሩት ይረታ ነበር።

ወረቀቱስ?

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ በተደረገው የገንዘብ ቅያሬ አዲስ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲወጡ፣ ባለ 200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ፤ ባለ 5 ብሩ ግን ሳይቀየር ቀረ። ትንንሾቹ ኖቶች በቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ ስለሚተላለፉ ፈጥነው ያረጃሉ፤ የተቀደደውንም ሻጭ አይቀበልም። የተሸረፈው አሞሌ ዕጣ በወረቀቱም ላይ ደረሰ ማለት ይቻላል። ዋጋ ሲንር ደግሞ ሳንቲሞች ሕጋዊ ሆነው ሳሉ የሚገዙት ነገር ያጣሉ፤ የትልቁ ኖት ድርሻ እየጨመረ ሲሄድ ዝርዝር እየመነመነ ይሄዳል።

በስልክ የሚከፈል ገንዘብ

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ በአገራችን ሥራ ጀመሩ። በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር ከ54 ሚሊዮን በላይ መድረሱን ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። በመከፋፈል ረገድ ይህን ገንዘብ የሚያህል የለም፤ 37 ብር ከ50 ሳንቲም ያለ መልስ፣ ያለ ማስቲካ ይከፈላል። አይቀደድም፤ በክረምትም አይሟሟም።

ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም *127# በመደወል ሊጠቀምበት ይችላል። ዩኤስኤስዲ የተባለው ይህ ዘዴ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መልእክቱ የሚጓዘው ስልኩና ማማው ጥሪ ለማቀናጀት በሚነጋገሩበት መስመር ነው። አንድ መልእክት ከ160 ባይት አይበልጥም። ይህም 182 የላቲን ፊደላትን ሲይዝ፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ 80 ፊደላትን ብቻ ይይዛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ የዚህ ልዩነት ጥቅም ጎልቶ ታይቷል፤ በኢንተርኔት የሚሠራው መተግበሪያ ቢዘጋም የስልክ መስመር ባለበት ቦታ ዩኤስኤስዲ ሊሠራ ይችላልና።

ይሁን እንጂ ማማው ራሱ ከሌለ ሁሉም ይቀራል። በጂኤስኤም ሥርዓት አንድ ማማ በመደበኛ አሠራሩ ሊያገለግል የሚችለው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ብቻ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጉናን በመሰለ ተራራ ዙሪያ ደግሞ ሸንተረሩ የሬዲዮ ሞገዱን ስለሚጋርድ፣ ማማው ቅርብ ሆኖ ሳለ እንኳ ሸለቆው ውስጥ መስመር ሊጠፋ ይችላል። የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ መብራትም ይጠፋል። ከሁሉም በላይ አራተኛው መስፈርት ይጎድላል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ግብይቱ አለቀ። በስልክ ሲሆን ግን ሻጯ የማረጋገጫ መልእክት መጠበቅ ይኖርባታል፤ መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ሐሰተኛ መልእክት አሳይቶ የሚሄድም አይጠፋም። ማንበብ ለማትችል ሻጭ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

እንቁላል ሸጣ ወደ ገጠር የምትመለስ እናትን እናስብ። ገንዘቧ ስልኳ ላይ ከገባ፣ ባለ ወፍጮውም፣ ጨውና ሳሙና የምትገዛበት ባለ ሱቅም በዚያው መንገድ ሊቀበሏት ይገባል። ካልተቀበሏት ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀይርላት ወኪል ፍለጋ ትሄዳለች። ከተሜው ተማሪ የቀለለለት መንገድ እርሷን ግማሽ ቀን ሊያስከፍላት ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ጥሬ ገንዘብ ኋላ ቀር ነውን?» የሚል ሳይሆን «ዝርዝር ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቋረጥ ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?» የሚል ነው። መልሱም ግዥውና ሽያጩ ከሁሉ ባነሰው ሰው ላይ ነው።

ጥሬ ገንዘብ እጅግ ከቀነሰባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው ስዊድን፣ በኅዳር ወር 2024 እ.ኤ.አ. ለየቤቱ ባሠራጨችው የአደጋ ጊዜ መመሪያ ዜጎች ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በቤታቸው እንዲያኖሩ፣ ይህም በተቻለ መጠን ልዩ ልዩ ኖቶች እንዲሆን መክራለች። በሌላ አነጋገር የመከረችው ዝርዝር እንዲይዙ ነው።

እንግዲህ ጠገራና አሞሌ ጎን ለጎን እንደ ሠሩ ሁሉ፣ ስልኩና ባለ 10 ብሩም ጎን ለጎን መሥራት ይኖርባቸዋል። ትንንሽ ኖቶችና ሳንቲሞች በበቂ መጠን ወደ ገጠር ገበያ እንዲደርሱ ማድረግም ማማ ከመትከል ያላነሰ ሥራ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ጉዳዩን በራሳችሁ መንገድ ልትመረምሩት ትችላላችሁ። ለሰባት ቀናት የምትፈጽሙትን እያንዳንዱን ግዥ መዝግቡ፤ መጠኑን፣ በምን እንደ ተከፈለ፣ ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ፣ ዝርዝር ጠፍቶ እንደ ሆነም ጻፉ። ከዚያም ይህንኑ ከአንዲት የገበያ ሻጭ ጠይቃችሁ ሁለቱን ሠንጠረዦች አስተያዩ። በሁለቱ መካከል የምታገኙት ልዩነት ጥሬ ገንዘብ ለማን እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል።