የጠፋ ፎንት ሒሳብ በማን ይወራረድ?

በኅትመት ገበያ ውስጥ ክርክር የሚያስነሳው የወረቀት ዋጋ ብቻ አይደለም። ደንበኛው በፍላሽ ይዞት የመጣው ፋይል በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲከፈት ሌላ ሆኖ ይገኛል። የርዕሱ ፊደል ተቀይሯል፣ ስድስት መስመር የነበረው አንቀጽ ሰባት ሆኗል፣ የመጨረሻው መስመር ከሳጥኑ ወጥቶ ጠፍቷል። ጉድለቱ በስክሪን ላይ ከተገኘ የሚባክነው ጥቂት ሰዓት ነው። ፕሌት ከተሠራ በኋላ ከሆነ የፕሌቱ ዋጋ ይታከልበታል፤ ታትሞ ከተጠረዘ በኋላ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ዲዛይነሩ «እኔ ጋ ትክክል ነበር» ይላል፤ አታሚው «የመጣልኝን ነው ያተምኩት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የዲዛይን ሶፍትዌሮች በሥራ ፋይላቸው ውስጥ በአብዛኛው የሚያስቀምጡት የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን ራሱን አይደለም። ፎንቱ የሚኖረው ኮምፒዩተሩ ላይ ስለሆነ ፋይሉ ሲሄድ እሱ እዚያው ይቀራል። ኢንዲዛይን እንዲህ ሲያጋጥመው ገና ሲከፈት ያስጠነቅቃል፣ በሌላ ፎንት የተተካውንም ጽሑፍ በሮዝ ቀለም ያሳያል። ከዚህ የሚከፋው ማስጠንቀቂያ የሌለው ነው፦ ስሙ አንድ፣ እትሙ ግን የተለያየ ፎንት በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲኖር መስመሩ ሳይታወቅ ሊዘዋወር ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህም የባሰ ዕዳ ወርሷል። የድሮዎቹ ፎንቶች ለፊደላት የነበራቸው ቦታ ቢበዛ 256 ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ሠሪዎቹ የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ተከሉት፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ የፎንት ፋይሎች ከፋፈሉት። ሁሉም በየራሱ ሠንጠረዥ ስለሠራ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ለሻጩ ደንበኛን አስሮ የሚይዝ ዘዴ ነበር፤ ለገዢው ግን ፎንቱ ጠፋ ማለት ጽሑፉ ራሱ ጠፋ ማለት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ከዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ፎንት አቀረበ። በዩኒኮድ በተጻፈ ሥራ ፎንት ቢጎድል መልኩ ይበላሻል እንጂ ቃሉ አይጠፋም። ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ኒያላን ለብቻው ከሚጫኑት ተጨማሪ ፎንቶች መካከል ስላደረገው፣ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ የነበረው በአዲሱ ላይ ላይገኝ ይችላል። ከሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ፎንቶችን መጫን በቂ ነው።

ችግሩን ከመልኩ መለየት ይቻላል። በጽሑፉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ፣ ፎንቱ ቢኖርም የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከመጡ ጽሑፉ በድሮ ሠንጠረዥ የተተየበ ነው፤ ያኔ ያንኑ ፎንት ማግኘት ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ወጪውን በርካሽ ሊያስቀር የሚችለው ግን ዲዛይነሩ ነው። በኢንዲዛይን «ፓኬጅ» የሚለው ትዕዛዝ ሥራውን፣ ሥዕሎቹንና ፎንቶቹን በአንድ ፎልደር ይሰበስባል። ለኅትመት ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ መስጠት ደግሞ ይሻላል። ለሎጎና ለባነር ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ሥዕል መለወጥ የተለመደ ነው። ከርቭ የሆነን ጽሑፍ ግን መልሶ ማረም ስለማይቻል ዋናውን ፋይል ሳያስቀምጡ ማድረግ ሌላ ኪሳራ ይጠራል። የሚሸጥ ፎንትን አብሮ መላክም የፈቃድ ጥያቄ አለበት። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የኖቶ የግዕዝ ፎንቶች በነፃ መጠቀምንና ማከፋፈልን ስለሚፈቅዱ ከዚህ ስጋት ነፃ ናቸው።

እንግዲህ ፎንቱን ሳያካትት ፋይል ያስረከበ ዲዛይነር ሒሳቡን ቢቀበል ተገቢ ነው። አታሚው በበኩሉ ናሙና አውጥቶ ደንበኛውን ሳያስፈርም ፕሌት ከሠራ ድርሻውን አይሸሽም።

በመጋዘን ያለው የድሮ ሥራ ግን የሚከሰስበት ሰው የለውም። አዶቢ ታይፕ 1 የተባሉትን የቆዩ ፎንቶች ከፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከሌሎቹ ፕሮግራሞቹ ደግሞ ከጥር 2023 ጀምሮ አስወጥቷል። በእነዚያ ፎንቶች የተሠራ ፋይል በአዲሱ ፕሮግራም ሲከፈት፣ ፎንቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ እንኳ «የለም» ይባላል። በድሮ የአማርኛ ፎንት የወጣ መጽሐፍን ሁለተኛ እትም የሚያስብ አሳታሚ ፎንቱንም መለወጫውንም ካላገኘ፣ የቀረው አማራጭ ከታተመው ቅጂ እያዩ በገጽ ሒሳብ ማስተየብና እንደገና ማረም ነው።