ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ ለፕሮስቴት?

ወንዶች፣ ሳታፍሩ አንብቧት! ጆርጂያ፣ ትብሊሲ ከተማ፣ በ1923 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ኤሊያቫ ኢንስቲትዩት ባክቴሪያን ወርሮ የሚያፈነዳ ባክቴሪዮፌጅ የሚባል ቫይረስ ለሕክምና ያዘጋጃል። የፕሮስቴት ኢንፌክሽን እያገረሸ ያስቸገራቸውም ይሄዱበታል፤ አንቲባዮቲክ ፕሮስቴት ውስጥ እንደልብ አይገባማ!

ሽንቱ እያቃጠለው ዓመት ያለፈው አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «መኪናዬን ሸጬ ልሂድ» ይለኛል። ቆይ እንጂ፣ ወንድሜ! ፌጅ መራጭ ነው፤ ባክቴሪያው የእሱ ዓይነት ካልሆነ አይነካውም። ደግሞ ሥር የሰደደ የፕሮስቴት ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ ላይ ባክቴሪያ አይገኝም። ታዲያ ፌጁ ምን ሊበላ? እዚያው ትብሊሲ ለፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ያለባቸው ወንዶች ላይ ተሞክሮም (ውጤቱ በ2021 ታትሟል) መድኃኒት ከሌለው ፈሳሽ አልበለጠም።

«ካልቸር ተመርምረሃል?» ብለው «ምንድነው እሱ?» አይለኝም! መጀመሪያ ሽንቱና ፕሮስቴቱ በሐኪም ታሽቶ የሚወጣው ፈሳሽ ላቦራቶሪ ይግባ። ባክቴሪያ ከተገኘ ስለ ትብሊሲ ያኔ እናወራለን።