ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት የሰሜን ተራሮች ተወላጆች

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። ሳንቃበርን አልፎ ግጭ ሲደርስ ዓይኑ ከገደሉ ላይ አይነሳም። አይፈረድበትም። ነገር ግን ቆሞ ገደሉን በሚያይበት በዚያው ቦታ፣ ከእግሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ሥር፣ ከውርጭ ምድር በቀር ሌላ አገር የማያውቅ ትንሽ ፍጥረት ይኖራል። እሱን ብሎ የሚመጣ ጎብኚ የለም፤ ወገኖቹም ገና ተቆጥረው አላለቁም።

ጥንዚዛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፋንድያ የሚያንከባልለውን ነው። ይህኛው ፋንድያ አይነካም፤ አዳኝ ነው። ሳይንቲስቶች ካራቢዴ ብለው ከሚጠሩት ቤተሰብ ይመደባል። ቤተሰቡ በዓለም ዙሪያ እስካሁን ወደ 40,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል። አብዛኞቹ ቀን ከድንጋይ፣ ከግንድና ከቅጠል ሥር ተሸሽገው ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ ወጥተው መሬት ለመሬት እየሮጡ ትላትልን፣ የነፍሳት እጮችንና ቀንድ አውጣን ያድናሉ። ብዙዎቹ ያደኑትን እንዳለ አይውጡም። በመንጋጋቸው ይዘው የሚያሟሟ ፈሳሽ ያፈሱበታል፤ ከዚያ የሟሟውን ይመጡታል። ሲነኳቸው ከጅራታቸው ጫፍ የሚሸት አሲድ የሚረጩም አሉ። ገበሬው ልብ ባይላቸውም፣ በማሳ ውስጥ የሚኖሩት ዝርያዎች ሰብል የሚያጠፉትን ትሎች በመብላት ያግዙታል።

በኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ ተመራማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሳበው ትሬከስ የተባለው ወገን ነው። በቁመቱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። መልኩ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። አጉሊ መነጽር ሥር ሲያስገቡት ግን ሌላ ነገር ይታያል። ራሱ ላይ ከዓይኖቹ ጎን ዞረው ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት ጥልቅ ቦዮች አሉት። ከዓይኑ በላይ ረጃጅም ፀጉሮች ቆመዋል፤ ጨለማ ውስጥ ሲሄድ የሚዳስሰው በእነሱም ጭምር ነው። አንቴናው 11 አንጓ አለው። የፊት እግሩ ላይ አንቴናውን እየሳበ የሚያጸዳበት ትንሽ ስርጉድ አለ። ወንዱ ከሴቷ የሚለየው በፊት እግሮቹ መዳፍ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች ሰፋ ይላሉ።

ጀርባውን የሚሸፍኑት ጠንካራ ክንፎች ለመብረሪያ አይደሉም፤ በጥንዚዛ ዘር ሁሉ የሚያበሩት ከእነሱ ሥር ተጣጥፈው የሚቀመጡት ስስ ክንፎች ናቸው። በከፍታ የሚኖሩት እነዚህ ጥንዚዛዎች ግን ስሱ ክንፋቸው መንምኖ ጠፍቷል። ምክንያቱ አያስቸግርም። ነፋስ በሚያይልበት፣ ሌሊቱ በሚበርድበትና መሬቱ ውርጭ በሚይዝበት ቦታ በረራ ያከስራል፤ ክንፍና የክንፍ ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጣው ጉልበት ለእንቁላል ቢውል ይሻላል።

ክንፍ የሌለው ፍጥረት ደግሞ ከተራራው አይወርድም። ወደ ቆላ ቢወርድ ሙቀቱና ድርቀቱ አያኖረውም። ከሰሜን ተራሮች እስከ ላስታ ለአሞራ ሩቅ አይደለም፤ ለትሬከስ ግን የተከዜ ሸለቆ የማይሻገሩት ግንብ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የሰሜን ተራሮች ጫፎች ግግር በረዶ ይዘው እንደነበር በቧሂት አካባቢ በረዶው ገፍቶ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ይመሰክራሉ። ቅዝቃዜው ሲበረታ የውርጩ ምድር ወደ ታች ይሰፋል፣ ጥንዚዛውም አብሮ ይወርዳል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ወደ ጫፍ ይሸሻል። ይህ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። በእያንዳንዱ ጫፍ ተነጥሎ የቀረው ቤተሰብም ከሌላው ጋር ሳይጋባ ብዙ ሺህ ዓመታት ሲያልፉ የራሱ ዝርያ ሆነ። የአገራችን ተራሮች ለጥንዚዛ አጥኚዎች ውድ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ትልልቆቹ እንስሳት ቀድመው ተመዝግበዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ተለይተው ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስሜንና በጎንደር ቆይቶ ሄደ፤ የዋልያና የጭላዳ ሳይንሳዊ ስሞች 1835፣ የቀይ ቀበሮው ደግሞ 1840 የሚል ዓመት ይዘዋል። የቀይ ቀበሮው ስም እንዲያውም ስሜንን በውስጡ ይዟል። ጥንዚዛዎቹ ግን ተራ ጠበቁ። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1882 ያሳተመው ፈረንሳዊ ዲፕሎማት አሺል ራፍሬ የጥንዚዛ አጥኚም ነበር፤ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሰበሰባቸውንም ለሳይንስ አስተዋውቋል። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ሂው ስኮት ዕድሜው ከ65 ካለፈ በኋላ በ1952 እና በ1953 ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ነፍሳትና ዕፅዋት ሰበሰበ፤ የጥናቱን ውጤትም በ1958 በለንደን አሳተመ። በዚያ ዕድሜ እዚያ ከፍታ ላይ ድንጋይ እየገለበጡ መዋል ፍቅር ይጠይቃል፤ ይህን ሰው አከብረዋለሁ።

በእኛ ዘመን ሥራውን የያዙት ጀርመናዊው ዮአኪም ሽሚት እና ፈረንሳዊው አርኖ ፋይ ናቸው። በ2018 የባሌን ተራሮችና የአካባቢውን ትሬከሶች መርምረው በርካታ አዳዲስ ዝርያዎችን ይፋ አደረጉ። በ2023 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአዘጋጅነት በተካተቱበት ጥናት፣ በዲኤንኤ ጭምር ተመርኩዘው ሁለት ነገር አሳዩ። አንዳንዶቹ ጥንዚዛዎች እዚሁ ተራሮቻችን ላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ በፍጥነት የተባዙ ናቸው። ሌሎቹ ግን ዘመዶቻቸው የጠፉባቸው የጥንት ቅሪቶች ናቸው። በዚያው ጥናት ከሰሜን ኢትዮጵያ ከፍታ የተገኘ አንድ ጥንዚዛ ከሚታወቀው ወገን ሁሉ ስለተለየ ቤህሪያ የሚባል አዲስ ወገን ተከፈተለት። ስያሜው በ2019 ላረፈው የጥንዚዛ ሊቅ ለማርቲን ቤር መታሰቢያ ነው።

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ጥንዚዛው ትናንት ተወለደ ማለት አይደለም። እረኛው ድንጋይ ሲያነሳ ሺህ ጊዜ አይቶት ይሆናል። አዲስነቱ ለመዝገብ ነው፣ መዝገቡም ብዙ ይጠይቃል። ሰብሳቢው ድንጋዩን ያነሳል፤ ጥንዚዛው ከመሮጡ በፊት በአፍ በሚሳብ ቀጭን ቱቦ ወደ ብልቃጥ ያስገባዋል። ለዲኤንኤ የሚፈለገው አልኮል ውስጥ ይገባል። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በትንሽ ወረቀት ይጻፋል፤ ይህ ወረቀት የሌለው ናሙና ዋጋ የለውም። ከዚያ የማይክሮስኮፕ ሥራ ይመጣል። በመልክ መንታ የሚመስሉ ሁለት ጥንዚዛዎች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ባለሙያው ይህን ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ አካል በቀጭን መርፌ አውጥቶ ይስለዋል፤ ቀድሞ ከተሰየሙት ዘመዶቹ ጋር አንድ በአንድ ያስተያየዋል። ልዩነቱ ከተረጋገጠ አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ተብሎ ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ የሚጠራው በእሱ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ጥርጣሬ ቢነሳ ዳኛው ያ አንድ ናሙና ይሆናል።

የሚቆጨኝም እዚህ ላይ ነው። የሩፔል ስብስብ ፍራንክፈርት ነው፤ የስኮት ለንደን። የጎንደር ወይም የደባርቅ ወጣት ከደጁ የተሰበሰበውን ጥንዚዛ ከምንጩ ናሙና ጋር ላስተያይ ቢል ቪዛ መጠየቅ አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ተራራው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለእነሱ ቅርብ ነው። በደንብ የተሰየመ፣ በመሳቢያ የተደረደረ የሰሜን ተራሮች የነፍሳት ስብስብ ጎንደር ላይ ቢኖር የሚጠይቀው ወጪ ብዙ አይደለም፤ ሳጥን፣ እስፒል፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። ዋልያን ለማዳን ሲባል በ1969 የተቋቋመው ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጣ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የተነሳው እሳት ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ሁላችንም ደንግጠን ሰምተናል። ዋልያ ከእሳት ይሸሻል፤ ክንፍ የሌለው ጥንዚዛ የሚሸሸው ከድንጋዩ ሥር ብቻ ነው። ጓሳው ከተቃጠለ ወይም በከብት ከተጋጠ፣ ገብስ እየተዘራ ዳገቱ ከተታረሰ፣ እርጥበቱ አብሮ ይሄዳል። አየሩ እየሞቀ ሲመጣ ደግሞ ወደ ላይ መሸሽ ነው፤ ከጫፉ በላይ ግን ተራራ የለም። ስሙ ሳይጻፍ የጠፋ ዝርያ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅለት አይኖርም።

ወደ ሰሜን ተራሮች የምትወጡ አንባቢዎች ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ። ድንጋይ አንስታችሁ ብታዩ መልካም ነው፣ እዩ። ሳይፈቀድላችሁ ግን አንድም ነፍሳት ይዛችሁ አትውረዱ። ድንጋዩንም እንደነበረ፣ በነበረበት አቅጣጫ መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት ለነዋሪዎቹ ቤታቸው ነው።