ትልቅ ቁጥር ያለው ፕሮፔለር ጀልባ ያፈጥናል? የጣናን ሞተሮች የሚፈጅ ተረት

«ፕሮፔለሩ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ጀልባው ይፈጥናል» የሚለው ወሬ ጣና ላይ ስንት ሞተር እንዳቃጠለ የቆጠረ የለም። ከተቃጠሉት ግን አንዳንዶቹን ተፈተው አይቻለሁ። የፒስተኑ አናት ጠቁሯል፤ ጠርዙ ተቦርቡሯል፤ ቀለበቶቹ በካርቦን ተይዘው ከቦታቸው አልላቀቅ ብለዋል። ባለቤቱ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» ይላል። መካኒኩ «ዘይቱ አንሶ ነው» ይላል። ጎንበስ ብሎ ከኋላ የተሰካውን ፕሮፔለር የሚያይ ግን አይገኝም። አዲስ ፒስተን ይገባና ያው ፕሮፔለር ተመልሶ ይታሰራል።

ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። የፕሮፔለሩን ማዕከል ስትመለከቱ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ታያላችሁ። የመጀመሪያው የፕሮፔለሩ ስፋት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በኢንች። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ውሃው ባይሸሸው ኖሮ፣ ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፤ እሱም በኢንች። 13 ፒች በአንድ ዙር 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 17 ፒች ደግሞ 43 ሳንቲ ሜትር። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞርና ማርሹ በግማሽ ቢቀንሰው ፕሮፔለሩ 2,500 ጊዜ ይዞራል። በ13 ፒች ይህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ17 ፒች 65 ይጠጋል። የውሃው መንሸራተት ከሁለቱም ላይ ይቀነሳል፤ ሰው በጫነ ከባድ ጀልባ ላይ ከአምስት አንድ እጅ ቢወስድ አይገርምም። ያም ሆኖ በወረቀት ላይ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ወሬኛው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው።

ሞተሩ በ17 ፒችም 5,000 ዙር ይሞላል ያለው ማን ነው? የጀልባውን ክብደት፣ የተሳፋሪውን ብዛትና የውሃውን ግፊት የሚገፋው ያው ሞተር ነው። ከ5,000 ወርዶ 3,800 ላይ ቢቀር ፕሮፔለሩ የሚዞረው 1,900 ጊዜ ነው፤ በ43 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ ደግሞ መልሶ ያንኑ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ያመጣል። ባለቤቱ ፍጥነት ገዛሁ ብሎ ያገኘው የድሮውን ፍጥነት ነው። ሞተሩ ግን አሁን ነዳጅ እስከ መጨረሻ እየተሰጠው በማይመቸው ዝቅተኛ ዙር ይለፋል። የጨጨሆን ዳገት በአምስተኛ ማርሽ ለመውጣት የሞከረ ሾፌር መኪናው ምን እንደሚል ያውቃል። መኪናው ቢያንስ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል፤ የጀልባ ሞተር ግን ውሃ ላይ ስለሆነ አይጠፋም። እያጉረመረመ ይሄዳል፤ ውስጡ ግን ግፊቱና ሙቀቱ ይበዛል፣ ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ካርቦን ይከመራል። ፒስተኑን የበላው ይህ ነው።

ጣና ላይ ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ባሕር ዳር ከተማ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የሚሸጠው ሞተር በተግባር 33 ያህል ነው። ከሞተሩ ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው ፕሮፔለር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ዳርቻ አገር የታሰበ ነው። እሱ ራሱ ለእኛ ሊከብድ ሲችል እኛ ከሱ በላይ እንጨምርበታለን!

ከሐይቁ ርቆ ያለ የወገዳ ሰው ይህን የሐይቅ ዳር ወሬ ነው ብሎ አይለፈው። ጣናን ከሚሞሉት ወንዞች ጉማራና ርብ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ የከፍታው ሕግም ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይጠነክራል። ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የቆመ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ወፍጮ ከጉልበቱ ከአሥር ሦስት እጅ ያህሉን በአየሩ ይነጠቃል። ባለወፍጮው ይህን በስሌት ባያውቀውም ማሽኑን አይቶ ጫናውን ይቀንሳል። የጀልባው ባለቤት ግን ጫና ይጨምራል።

አሁን ወደ ዘመዶቻችን ልምጣ። አሜሪካ ያለ የእኛ ሰው እዚያ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያሳድዱበትን ፈጣን ጀልባ ያያል። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ 250 የፈረስ ጉልበት፣ የሚሳፈረው አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኋላው የሚያብለጨልጭ የእስቲል ፕሮፔለር አለ፤ ፒቹ 24 ወይም 26። ለዚያ ጀልባ ትክክል ነው። አፍንጫው ከውሃው ወጥቶ፣ ሆዱ ውሃውን በጭንቅ እየነካ የሚሮጥ ቀላል ነገር ነው፤ ጉልበቱም የተረፈው ነው። ዘመዳችን ግን ያንን አይቶ «ለወንድሜም ፈጣን ፕሮፔለር ልላክለት» ይላል፤ ከማዕከሉ ልክ የሚገጥመውንና ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን መርጦ ይልካል። ወንድሙ ደግሞ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ሰውና እህል የሚጭን ከባድ ጀልባ ያለው ሰው ነው። ሰጪውን ላለማሳዘን ያስረዋል። በዚያ ገንዘብ የሕይወት ጃኬት ቢገዛ ምን ነበረበት?

ዘመዱ ባለማወቅ ነው፤ ይቅር ይባላል። የማልታገሠው ደላላውን ነው። «19 አለኝ፣ 13 የአሮጊት ነው» እያለ የሚሸጥ ሰው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ላያውቅ ይችላል፤ ጀልባው ላይ ስንት ሰው እንደሚጫን ግን ሳይጠይቅ መሸጡ ሆን ብሎ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ቀጥ ሲል ደላላው ገበያው ላይ ነው።

ትክክለኛው ፒች ስንት ነው ለሚል ጠያቂ በወረቀት የሚሰጥ መልስ የለም፤ አለ የሚል ካለ አትመኑት። መልሱ ያለው ውሃው ላይ ነው። ጀልባውን እንደ ወትሮው ጫኑት፤ ባዶውን መሞከር ዋጋ የለውም። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡትና ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚደርስ አንብቡ። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የተፈቀደውን ክልል ይነግራችኋል፤ ለምሳሌ ከ4,500 እስከ 5,500 ሊሆን ይችላል። የእናንተ ሞተር በክልሉ የላይኛው አጋማሽ ውስጥ መውደቅ አለበት። ካልደረሰ ፒቹን ቀንሱ። አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ 400 ከጎደላችሁ ሁለት ኢንች መቀነስ ነው። ዙር መቁጠሪያ የለኝም ማለት ምክንያት አይሆንም፤ በካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ መቁጠሪያ አለ፤ ዋጋውም ከፒስተን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ጽንፍም አለ። «እንግዲያው ትንሹን ልሰር» ብሎ ያለልክ የቀነሰ ሰው ሞተሩን ከተፈቀደው በላይ ያዞረዋል፤ ያም ይሰብራል። ጭነቱን አራግፎ ለብቻው በሚመለስበት ጊዜ ዙሩ ከክልሉ ሲያልፍ ካየ ነዳጁን መቀነስ ይኖርበታል። ደግሞም ፒች መቀነስ ዙሩን ይመልሳል እንጂ ከፍታው የወሰደውን ጉልበት አይመልስም። ካርቡራቶር ያለው ሞተር በሳሳ አየር ውስጥ ቤንዚን ስለሚበዛበት ማስተካከያውን የሚያውቅ መካኒክ ቢያየው ጥሩ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ወሬዎች ይህን ያህል ገዳይ ስላልሆኑ በአጭሩ ልለፋቸው።

«እስቲል ከአልሙኒየም ይበልጣል።» ለአሸዋ እውነት ነው። ከጉና ሥር ታጥቦ የሚወርደው ደለል የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳር ጥልቀት ቀንሶታል፤ በጉማራና በርብ መግቢያ አካባቢ የሚመላለስ አልሙኒየም ጠርዙ ቶሎ ይበላል፤ እስቲል ይቆያል። ድንጋይ ሲመታ ግን አልሙኒየሙ ራሱ ታጥፎ ያበቃል፤ እስቲሉ አልታጠፍ ስለሚል ምቱ ወደ ዘንጉና ወደ ማርሹ ይሄዳል። ርካሹ ቢሰበር ይሻላል።

«የታጠፈውን በመዶሻ ማቅናት ይበቃል።» እስከ ወደብ ለመመለስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ክንፎቹ እኩል ስለማይሆኑ ዘንጉን ያንቀጠቅጡታል፣ የውሃ መከላከያ ጎማው ይላላል፣ የማርሹ ዘይትም ውሃ ገብቶበት ይነጣል።

«ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም፤ ማርሹ ሞቷል።» ማርሹን ከማስፈታታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን ፍቱ። በውስጠኛው ቱቦና በክንፎቹ መካከል የተጨመቀ ጎማ አለ፤ ጎማው ከለቀቀ ውስጡ ይዞራል፣ ክንፉ ይቆማል። ከኋላ በኩል ከውስጠኛው እስከ ውጪኛው ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ነዱት። ስትመለሱ መስመሩ ለሁለት ተለያይቶ ከሆነ በሽታው ጎማው ነው፤ ማርሹ ደህና ነው።

«አራት ክንፍ ያለው ይዘገያል።» ጥቂት፤ በከፍተኛው ፍጥነት ላይ። በምትኩ ኋላው የከበደን ጀልባ ቶሎ ያነሣል፣ ማዕበል ላይም ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። ሰው ለሚጭን ጀልባ እኔ ወደ አራቱ አደላለሁ፤ የማከብራቸው ነጂዎች ግን ሦስቱን ይመርጣሉ፣ አልከራከራቸውም።

«ጠንካራ ፕሮፔለር እምቦጩን ቆራርጦ ያልፋል።» እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከተመዘገበ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የምንሰማው ነው። ሥሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያም ይደፍናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ ተክሉ ከቁራጩ እንደገና ስለሚበቅል የቆራረጣችሁት ዘር ሆኖ ይንሳፈፋል። ዙሩት፤ መዞር ካልተቻለ ሞተሩን አንሡና ቅዘፉ።

የመረብ ክርም አይናቅ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ዓሣ አስጋሪዎች የገቡት በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረ አንድ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አብረው ነው፤ እስከ ዛሬም አልተስማሙም። ቀጭን ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የውሃ መከላከያውን ጎማ ይቆርጣል፣ ከውጭም አይታይም። አልፎ አልፎ ፈታችሁ እዩ።

ውጭ አገር ላላችሁ የወገዳ ልጆች አንድ ልመና አለኝ። ፕሮፔለር ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሞተሩ ሞዴል ምንድን ነው? ማዕከሉ ስንት ጥርስ አለው? ጀልባው ሙሉ ጭኖ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲሰጠው ሞተሩ ስንት ዙር ይደርሳል? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ከሌለ ፕሮፔለሩን ተዉትና መጀመሪያ ዙር መቁጠሪያውን ላኩ።