ፀጉሩ የረገፈ ግመል፦ ከመርፌው በፊት ቆዳውን ማየት

ባቢሌ ገበያ ላይ ብብቱና የጭኑ ውስጥ የተመለጠ ግመል ሲቀርብ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ደላላው «ትንሽ እከክ ነው፣ አንድ መርፌ ይበቃዋል» ይላል። ነጋዴው በቅናሽ ይገዛዋል፤ ከገበያው ዳር መድኃኒት ገዝቶ ያስወጋዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላም ከሌሎቹ ጋር ጭኖ ወደ ቶጎ ውጫሌ ይነሳል። እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ተሠርተዋል። በሽታው ምን እንደሆነ አልታወቀም፣ ግመሉ ከጤነኞቹ ተነጥሎ አልቆየም፣ መድኃኒቱ ከሥጋው የሚወጣበት ቀን አልተቆጠረም። የሦስቱም ኪሳራ ዞሮ ዞሮ የነጋዴው ነው።

የፀጉር መርገፍ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። ተባይ ያረግፈዋል፣ ፈንገስ ያረግፈዋል፣ እርጥበት ያረግፈዋል፣ የገመድና የኮርቻ መፋቅም ያረግፈዋል። ግመል ሙቀት ሲመጣ የብርዱን ወቅት ፀጉሩን በራሱ ጊዜ የሚጥል እንስሳ መሆኑም መረሳት የለበትም። ከሥሩ ያለው ቆዳ ለስላሳና ንጹሕ ከሆነ፣ ቅርፊትም ማሳከክም ከሌለ፣ ግመሉ ምንም መድኃኒት አያስፈልገውም።

አራቱን መለየት

እከክ፦ ሶማሌዎች «ዓዶ»፣ ቦረናዎች «ጪቶ» የሚሉት ነው። የሚያመጣው ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ተባይ ነው። ዋናው መለያው ከባድ ማሳከክ ነው። ግመሉ ዛፍ፣ ግንድና የመኪና ጎን ሳይቀር ሲታከክ ይውላል፤ ገላውን በጥርሱ ይነክሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከራስ፣ ከአንገት፣ ከብብት፣ ከብሽሽትና ከጡት አካባቢ ይጀምራል። መጀመሪያ ቆዳው ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሲቆይ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ቀኑን ሲታከክ የሚውል ግመል በደንብ ስለማይበላ ይከሳል፣ ወተቱም ይቀንሳል።

ጭርት፦ ይህ ፈንገስ ነው። በተለይ 3 ዓመት ያልሞላቸው ግልገሎች ላይ ይበዛል። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ይነሳል፤ በላዩ ግራጫ ደረቅ ቅርፊት ይኖራል። ማሳከኩ ቀላል ነው ወይም ጭራሽ የለም። የእከክ መርፌ ተባይ ስለሚገድል እንጂ ፈንገስ ስለማይገድል፣ ጭርት ላይ የሚወጋ መርፌ በከንቱ የወጣ ገንዘብ ነው። ቅርፊቱ በውኃና በሳሙና ለስልሶ ተጠርጎ አዮዲን ወይም ሌላ የፈንገስ መድኃኒት በተደጋጋሚ ይቀባል። ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ በራሱም ይድናል።

የግመል ፈንጣጣ፦ በሶማሊኛ «ፉሩቅ» ይባላል። ትኩሳት ይቀድመዋል። ከዚያ በከንፈር፣ በአፍንጫና በዓይን ቆብ ላይ እብጠት ይወጣል፤ ውኃና መግል ይቋጥራል፤ በመጨረሻም ቅርፊት ይሆናል። በግልገሎች ላይ ወደ መላ ሰውነት ሊዛመት ይችላል። ይህ የቫይረስ በሽታ ስለሆነ የሚፈውሰው መርፌ የለም። አንቲባዮቲክ የሚረዳው ቁስሉ ላይ የሚጨመረውን ሌላ ሕመም ለመከላከል ብቻ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሪፖርት እንዲደረጉ ከዘረዘራቸው በሽታዎች አንዱ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ግመል አይገዛም፣ አይጫንም፤ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል።

የዝናብ ወቅት ቅርፊት፦ ቆዳው ለረጅም ጊዜ ሲረጥብ ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ፀጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቀለም ብሩሽ ጫፍ ይቆማል። ቅርፊቱ ሲነቀል ፀጉሩ አብሮት ይወጣል፤ ከሥሩ እርጥብ ቀይ ቆዳ ይታያል። ለዚህ የሚሆነው ባለሙያ የሚያዝዘው አንቲባዮቲክና ደረቅ በረት ነው።

ጥርጣሬ ካለ ምርመራው ከባድ አይደለም። ባለሙያው ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደም እስኪታይ ድረስ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል። ተባዩ ያለው ቁስሉ እየሰፋ በሚሄድበት ጠርዝ ነው፤ ከመሃሉ ከደረቀው ቅርፊት የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ «ምንም የለም» ያሰኛል። ጅግጅጋና ያቤሎ የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላቸው።

እከክ ከሆነ ሕክምናው

በገበያው በብዛት የሚሸጠው አይቨርሜክቲን ነው። 1 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በተለመደው መጠን ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ሆኖ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ በደም ሥር አይሰጥም። 450 ኪሎ የሚገመት ግመል 9 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። «ለእያንዳንዱ 5» እየተባለ የሚሰጠው መርፌ ለትልቅ ግመል ግማሽ ያህል ነው። ተባዩን ሳይጨርስ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። በዚህ ስሌት 20 ትልልቅ ግመሎች በአንድ ዙር 180 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ዙር 360 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋቸዋል። ባለ 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከሆነ 8 ጠርሙስ ነው።

ሁለተኛው ዙር የግድ ነው። መርፌው የተባዩን ዕንቁላል ስለማይገድል፣ ከተፈለፈለ በኋላ ያለውን ለመያዝ ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ይደገማል። አንድ ጊዜ ተወግቶ «ዳነ» የተባለው ግመል ከወር በኋላ እንደገና የሚታከከው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚረጩ መድኃኒቶችም አሉ፤ ዲያዚኖን አንዱ ነው። ይህ ለሰውም መርዝ ስለሆነ ልኬቱ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መሠረት ይሁን። የሚረጨው ሰው ጓንት ያድርግ፣ ከነፋሱ ጀርባ ይቁም፤ የተበጠበጠበት ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ግን ሕክምና አይደለም። የቆሰለውን ቆዳ ያቃጥላል፣ በቆዳው በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፣ ግመሉ ሲልሰውም ይመረዛል።

መድኃኒት ሲገዛ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ በፀሐይ ላይ ያልዋለ መሆኑ ይታይ።

ቀኑን መቁጠር

ነጋዴውን ከሁሉ በላይ የሚመለከተው ይህ ነው። አይቨርሜክቲን ከተወጋ በኋላ በሥጋው ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ለዕርድ የሚፈቀድበት ቀን እንደ ምርቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ ከ28 ቀን በላይ ወይም ያን ያህል ሆኖ ይጻፋል። የሚሠራበት ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ቆጠራውም የሚጀምረው ከመጨረሻው መርፌ ነው። ወተቷ ለሰው የሚጠጣ ግመል ደግሞ በአብዛኞቹ ጠርሙሶች መመሪያ መሠረት ጭራሽ አትወጋም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለቱ መርፌዎች በ14 ቀን ልዩነት ይሰጣሉ፤ 28 ቀን ሲጨመር ከግዢው እስከ ዕርድ ቢያንስ 42 ቀን ይሆናል። ጠርሙሱ 35 ቢል 49 ቀን ነው። ስለዚህ ለአረፋ ገበያ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በቅናሽ የተገዛ እከካም ግመል ርካሽ አይደለም። ወይ ሳይድን ይጫናል፣ ወይ መድኃኒት በሥጋው እያለ ይታረዳል። በቅናሹ ላይ የ6 ሳምንት መኖ፣ የእረኛ ደሞዝና የመድኃኒቱ ዋጋ ሲደመር ትርፍ ካለው ይገዛል፤ ከሌለው ይታለፋል።

ለቀሪው መንጋ

እከክ በመነካካት፣ በገመድና በኮርቻ ይተላለፋል። ከተነካካ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ዛሬ ንጹሕ የመሰለው ግመል በረት ውስጥ አብሮ ካደረ በድንበሩ ማዶ፣ በማቆያ ውስጥ ሳለ ሊያሳክከው ይጀምራል፤ አንዱ የታመመ የሙሉ ጭነቱን ጉዞ ሊያስተጓጉል ይችላል። ስለዚህ፦

— አዲስ የተገዛ ግመል ለብቻው ይቆይ፣ ገመዱና ኮርቻው ለሌላ አይሰጥ።
— ከታመመው ጋር አብረው የዋሉት ሁሉ፣ ባያሳክካቸውም፣ በአንድ ቀን ይታከሙ።
— የታመሙት የተለቀቁበት በረት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባዶ ሆኖ ፀሐይ ይምታው።
— የመርፌው ቀን፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በግመሉ ምልክት ትይዩ ይጻፍ፤ የጤና ሰርተፍኬት ለሚሰጠው ባለሙያ ይታይ።

እከክም ጭርትም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። በግመሎቹ መካከል የሚያድረው እረኛ ክንዱንና ሆዱን ማሳከክ ከጀመረው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ግመሎቹም እንደገና ይታዩ። ብዙ ጊዜ ነጋዴው ያላየውን እከክ ቀድሞ የሚያውቀው የእረኛው ቆዳ ነው።